ሄዶ የተመለሰው ሐይቅ

ቀረብ በሉ፣ ላውጋችሁ። የማወጋችሁ የአንድ ሐይቅ ታሪክ ነው፤ ኖሮ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ስለተመለሰ ሐይቅ። ተረት አይደለም። ከድሬዳዋ ተሳፍሮ የደንገጎን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ፣ አዴሌን አልፎ ወደ ሐረር የተጓዘ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነው።

ድሮ በዚያ መንገድ የሚሄድ ተሳፋሪ ሐረማያ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞር ነበር። ሐይቁ ከመንገዱ አጠገብ ተንጣልሎ ተኝቷል። ወፎች ከውሃው ተነስተው መልሰው ውሃው ላይ ያርፋሉ። ዳር ዳሩን የድንችና የሽንኩርት መደብ ይታያል፣ ከፍ ብሎ የጫት ማሳ። ከዓመታት በኋላ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ፊቱን ቢያዞር ያገኘው ከብት የሚግጥበት ሜዳ ነው። ውሃ ይስብ የነበረው የፓምፕ ቤት በደረቅ መሬት ላይ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል።

ውሃው ወዴት ሄደ? ታሪኩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሐረማያ ትልቅ ሐይቅ አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠ ገበቴ ብላችሁ አስቡት። ዝናብና ከኮረብቶቹ የሚወርድ ጎርፍ ይሞላዋል። ከእሱ ተነስቶ ወደ ሌላ አገር የሚፈስ ወንዝ የለም። ስለዚህ ውሃው ከገበቴው የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ፀሐይ ታተነዋለች፣ መሬት ይመጠዋል፣ ሰው ይቀዳዋል። ፀሐይና መሬት ድርሻቸውን ሲወስዱ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ዝናቡም ሲተካ ኖሯል። ሒሳቡን ያናጋው ሦስተኛው ነው።

በአፋን ኦሮሞ «ሐሮ» ማለት ሐይቅ ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1944 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያም መሠረት በኦክላሆማ መምህራን እገዛ የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። ለኮሌጁ የተመረጠው ቦታ ይህ ሐይቅ ያለበት አገር ሆነ። በጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጥተው መረቁት። በዓለማያ ስምም ታወቀ። የአገሪቱ የእርሻ ሊቃውንት ትውልድ በትውልድ ከዚያ ወጡ። አፈር የሚመረምሩ፣ ዘር የሚያሻሽሉ፣ ከብት የሚያክሙ፣ ሁሉም የተማሩት ከዚህ ሐይቅ አጠገብ ነው። ይህንንም አትርሱት።

የሐረር ከተማ ደግሞ ከሐይቁ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ ትገኛለች። ዘመናዊ የቧንቧ ውሃ ሲያስፈልጋት ዓይኗን የጣለችው ሐረማያ ላይ ነው። ከሐይቁ ዳር ውሃው ይጣራል፣ በቧንቧ ይሄዳል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥና ከጀጎል ውጭ ባሉ ቤቶች ይቀዳል። አንድ ትንሽ ሐይቅ ኮሌጁን፣ ከተማውንና ገበሬውን አንድ ላይ አጠጣ። ብዙ ዘመንም ቻላቸው።

ከዚያ ፓምፕ መጣ።

እስቲ አንድ ገበሬ በሐሳባችሁ ያዙልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙዎች ነበሩና። አባቱ ያርስ የነበረው ማሽላና በቆሎ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይዘራል፣ ሲቀር ይራባል። ልጁ ግን ጫት ተከለ። ጫት በአወዳይ ገበያ በየቀኑ ገንዘብ ነው። ማለዳ የተቀነጠበው በዚያው ቀን ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር ይጫናል። ውሃ ካገኘ በበጋም ያቆጠቁጣል፣ በበጋ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። ድንቹም፣ ሽንኩርቱም፣ ካሮቱም እንዲሁ። እናም ገበሬው ቆጥቦ፣ ተበድሮ፣ አንዲት የሞተር ፓምፕ ገዛ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ላከ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ማን ይወቅሰዋል? እኔ አልወቅሰውም።

የመጀመሪያው ዓመት ፓምፑን ከሐይቁ አፍ ላይ አስቀመጠ፤ አጭር ጎማ በቃው። በሁለተኛው ዓመት ውሃው ጥቂት እርምጃ ሸሸ፤ ጎማ ቀጠለበት። በሦስተኛው ፓምፑን ራሱን ተሸክሞ ወደ ጭቃው ወረደ። ውሃው ይሸሻል፣ ገበሬው ይከተላል።

ጎረቤቱ አንድ ማለዳ «ወንድሜ፣ ውሃው እኮ እየራቀን ነው» ቢለው መልሱ ምን ይሆናል? «አያለሁ። ግን እኔ ባቆም አንተ ታቆማለህ?» ነው የሚለው። ጎረቤቱ ዝም ይላል። ሁለቱም ሞተራቸውን ያስነሳሉ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንዲት ትንሽ ፓምፕ በሰከንድ 10 ሊትር ብትስብ በሰዓት 36,000 ሊትር ትስባለች። በቀን 5 ሰዓት ብትሠራ 180,000 ሊትር ይሆናል። በምናውቀው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ስንሰፍረው 9,000 ጀሪካን ነው። በቀን 5 ጀሪካን የሚበቃው ቤተሰብ ብናስብ፣ የአንዲት ፓምፕ የአንድ ቀን ውሃ 1,800 ቤተሰብ ያጠጣል። አሁን በሐይቁ ዙሪያ የቆሙትን ፓምፖች በዚህ አባዟቸው፤ የበጋውን ቀናትም እንደዚያው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ለሐረማያ ግን የሃምሳው ሰው ፓምፕ አንድ ላይ ሸክም ሆነበት።

ጥፋቱ የፓምፕ ብቻ አልነበረም። ኮረብታዎቹም ተራቁተው ነበር። ሕዝብ ሲበዛ ዛፉ ለማገዶ ተቆረጠ፣ ተዳፋቱ ታረሰ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጎርፉ ውሃም ደለልም ይዞ ነው የሚመጣው። ደለሉ በታች እየተከመረ ገበቴውን አሳነሰው። የአየሩም ሙቀት ጨመረ። ውሃው ስስ በሆነ መጠን ፀሐይ ቶሎ ታሞቀዋለች፤ በሞቀም መጠን ቶሎ ይተናል። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ደለል፣ ከዳር ፓምፕ ሆነና ሐይቁ ተከበበ።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው አልነበረም ወይ? ነበረ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው።

በዓለማያ ያስተምሩ የነበሩት የውሃ አካላት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ሐይቁን መለካት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። የሐይቅ ተመራማሪ ሥራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በጀልባ መሐል ድረስ ይገባል። ክብደት የታሰረበት ገመድ ያወርዳል፣ ጥልቀቱን ይጽፋል። ቀጥሎ ሴኪ ዲስክ የሚባለውን ነጭና ጥቁር ክብ ሳህን ውሃው ውስጥ ያወርዳል። ሳህኑ ቀስ እያለ ይደበዝዝና ከዓይን ይጠፋል። የጠፋበት ልክ የውሃው ጥራት ነው፤ ውሃው በደፈረሰ መጠን ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል። ከዚያ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ጥቃቅን ነፍሳት ይቆጠራሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና።

ከሥራቸው አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2006 ያለውን ሃያ ዓመት የሚሸፍን ነው። መጀመሪያ ላይ ገመዱ ወደ 8 ሜትር ገደማ ይወርድ ነበር። በመጨረሻ ገመድ የሚወርድበት ውሃ አልነበረም። ሃያ ዓመት በቁጥር የተመዘገበ የሐይቅ ሕመም ነው ይህ። ሕመሙ ተመርምሯል፣ መንስኤውም ታውቋል፤ ሐኪሙ ግን መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። የተለካው ቁጥር በዓውደ ጥናትና በመጽሔት ላይ ቀረ እንጂ ማን ስንት ሊትር ይሳብ የሚል ደንብ ሆኖ ወደ ማሳው አልወረደም። የእርሻ ሊቃውንት መፍለቂያ ከነበረው ግቢ ጎን ሐይቁ ወር በወር እየተለካ አለቀ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል የአገራችን ሰው። በሐረማያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሰው ውሃውን እያሳሳቀ ወሰደው። በየዓመቱ ጥቂት ስለቀነሰ ማንም አልጮኸም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ፈጽሞ ደረቀ። ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ቦታ ተሰነጣጠቀ። ገበሬዎች እዚያው ወለሉ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ፓምፓቸውን አወረዱ፤ ከላይ ያለቀውን ከሥር ፈለጉ። ሌሎችም ወለሉን አረሱት። አጠገቡ ያለው አዴሌ ሐይቅም በዚያው መንገድ ሄደ።

አሁን ያንን ቃል አምጡት። «ሐሮ» ሐይቅ ነው ብያችሁ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ያ ኮሌጅ ያደገበት ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተለውጦ፣ ያንን ቃል የያዘው ሐረማያ ተባለ። የሐይቁ ስም በዩኒቨርሲቲው በር ላይ በትልቁ የተጻፈው ሐይቁ በሌለበት ጊዜ ነው።

ወደ ሐረር እንውረድ። ሐይቁ ሲከዳት ከተማይቱ ተጠማች። ቧንቧው ከፍተውት አየር ብቻ የሚተነፍስ ሆነ። ቢጫ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው በየመንደሩ ተሰለፉ። ውሃ በቦቴ መጣ፣ በአህያ መጣ፣ በገንዘብ ተገዛ። እናቶች ማለዳ ለወረፋ የሚነሱበት ዘመን ነበር።

መፍትሔ ተፈለገ፤ የተገኘውም ሩቅ ነው። ከደንገጎ አቀበት ግርጌ፣ ድሬዳዋ አካባቢ፣ አሰሊሶ በሚባለው ቆላ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ ተራራውን ወጥቶ ሐረር እንዲደርስ ተደረገ። ሥራው ብዙ ሰው ያረካ መልካም ሥራ ነው። ግን ዋጋውን እንየው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,900 ገደማ ላይ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም 50 ጀሪካን፣ 700 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ምንም ሳይባክን እንኳ ወደ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይበላል። ፓምፕም ቧንቧም ስለሚያባክኑ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። መብራት ከጠፋ ውሃውም አብሮ ይቆማል።

አስተውላችኋል? ሐረማያ ከሐረር ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ውሃው ቁልቁል ይመጣላት ለነበረች ከተማ አሁን ሽቅብ ይገፋላታል። ጫትና ድንች ለማጠጣት ያለቀው ውሃ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ተመልሶ መጣ። ምግብ፣ ውሃና ኃይል ለየብቻ የቆሙ ጉዳዮች አይደሉም የሚባለው ይህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ ቢሮ ይቀመጡ እንጂ በገበሬው ማሳና በእናቲቱ ጀሪካን ውስጥ አንድ ናቸው።

ከሐረር ወጣ ብዬ ሌላ ሐይቅ ላሳያችሁና እመለሳለሁ። ቢሾፍቱ አካባቢ ሆራ ኪሎሌ የሚባል ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ፣ ውሃው ጨዋማ፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴ ያደረገው ስፓይሩሊና የሚባል ደቂቅ ሕይወት ነው። እሱን የሚመገቡ ፍላሚንጎዎች ይሰፍሩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ለመስኖ ውሃ ለማጠራቀም የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ውሃ መጨመር ምን ክፋት አለው? የወንዙ ውሃ ግን ጨውን አቀጠነው፣ ደለልም ይዞ ገባ። ስፓይሩሊናው ጠፋ። ምግባቸው ሲጠፋ ፍላሚንጎዎቹ ሄዱ። ፕሮፌሰር ብሩክ ሁለቱንም ሐይቆች አጥንተዋል። ሐረማያ ተወስዶበት ተጎዳ፣ ኪሎሌ ተጨምሮለት ተለወጠ። ሐይቅ ከመነካቱ በፊት መታወቅ አለበት የሚለው ትምህርት ከሁለቱም አንድ ነው።

ወደ አወዳይ ልመልሳችሁ። ገበያው ሲበተን ከመሬት ላይ የሚቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ገራባ ነው። የጫቱ ለጋ ተመርጦ ከተወሰደ በኋላ የሚጣለው ቅጠልና ግንድ በየመንገዱ ይከመራል፣ ፍየሎች ይሰለፉበታል። ግንዱ ለማገዶ ይለቀማል። የቀረው ቦይ ይደፍናል፣ ይበሰብሳል። ያ ገራባ ግን በሐረማያ ውሃ የበቀለ ነው። ከኮረብታው አፈር የወጣ ምግብም በውስጡ አለ። ወደ ኮምፖስት ተለውጦ ወደ ማሳው ቢመለስ አፈሩ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ውሃ የያዘ አፈር ቶሎ አይጠማም፤ ጎርፍም ጠርጎ ወደ ሐይቁ አያወርደውም። ማሳው ፓምፕ የሚጠይቅበት ሰዓትም ይቀንሳል። እኛ ቆሻሻ ብለን የምንጠራው ነገር ከሐይቁ የተበደርነው ዕዳ ነው። መክፈያው ደግሞ ከእጃችን አልራቀም፤ ጉድጓድ፣ አካፋና ጥቂት ወራት ትዕግሥት ነው።

የታሪኩ የመጨረሻ ክፍል ላይ ደረስን። ከአሥር ዓመት በላይ ደርቆ ከቆየ በኋላ፣ ሐረማያ ተመለሰ።

በአንድ ቀን አልሆነም። የአካባቢው ሕዝብ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ሠራ። የተራቆቱ ተዳፋቶች ከከብት ተከልለው እንዲያርፉ ተደረገ። ችግኝ ተተከለ፤ ዩኒቨርሲቲውም አብሮ ሠራ። ጎርፍ ይጋልብበት የነበረው ተዳፋት ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ማስረግ ጀመረ። ዝናብም በረከተ። ከብት ይግጥበት የነበረው ሜዳ መጀመሪያ ረገረገ፣ ከዚያ ኩሬ ሆነ፣ ከዚያ ሐይቅ ሆነ። ወፎች መጡ። በወጣትነቱ ሐይቁን ያየ ሽማግሌ ዳግመኛ አየው፤ ሜዳ ሆኖ ያወቀው ልጅም ውሃ ሆኖ አገኘው።

ይህ ተስፋ ነው፤ ደስታዬንም አልደብቅም። ዋስትና ግን አይደለም። ዝናብ ያመጣውን ድርቅ ሊወስደው ይችላል። ፓምፖቹ አልጠፉም፣ የጫት ገበያው አልቀዘቀዘም፣ ሕዝቡ አልቀነሰም። ሐይቁን ያደረቁት ምክንያቶች ሁሉ ዛሬም በዙሪያው ተቀምጠዋል። የተለወጠ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ዛሬ እናውቃለን። በመጀመሪያው ዙር ምናልባት አይደርቅም ብለን ተታልለናል፤ ለሁለተኛው ይህ ምክንያት አይሆነንም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሐረማያን አንድ ክፉ ሰው አልገደለውም። ሁሉም የየራሱን ጥቂት ወሰደ፣ የሁሉንም ድምር የሚይዝ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሐይቁን የሚያድነው ገበሬውን መውቀስ አይደለም። ገመዱ ዳግመኛ ይውረድ፣ ይለካ፤ የተለካው በገበሬው ቋንቋ፣ በመስጊዱና በገበያው፣ በቀበሌው ስብሰባ ይነገር። በዚህ ዓመት ይህን ያህል ውሃ አለን፣ ለእያንዳንዱ ማሳ ይህን ያህል ይደርሳል፣ ከዚህ በላይ የሚስብ ከልጆቻችን ይሰርቃል ተብሎ ይወሰን። ያኔ ጎረቤት ጎረቤቱን «እኔ ባቆም አንተ ታቆማለህ?» ሲለው፣ «አዎ፣ ተስማምተናል» የሚል መልስ ያገኛል።

እናንተም በዚያ መንገድ ብትሄዱ ሐረማያ ስትደርሱ ፊታችሁን ወደ መስኮቱ አዙሩና እዩት። አጠገባችሁ ልጅ ተቀምጦ ከሆነ ውሃውን ብቻ አታሳዩት። ይህ ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ እንደነበር ንገሩት።